የጠዋቱ አንድ ሰዓት ልኬት

ሰው ደውሎ «ሲስተሙ አልሰራም» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። አልደብቅም። የቱ ጋ? ምን ስትነካ? ምን ብሎ ጻፈልህ? «በቃ አልሰራም» ይለኛል እንደገና፣ ጠንቋይ ዘንድ የደወለ ይመስል። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሳሪስ አንድ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ ላቦራቶሪዎችና ተመራማሪዎች መረጃቸውን የሚያስቀምጡበትን ዳታቤዝ አዲስ ስሪት በመጣ ቁጥር እጭናለሁ፣ አሠለጥናለሁ፣ ከዚያ ስልክ ሳነሳ እውላለሁ። ተጠቃሚ ካልተቆጡት አይገባውም ባይ ነበርኩ።

እትዬን ግን ተቆጥቻቸው አላውቅም። አቃቂ ቃሊቲ ያለ አንድ የከርሰ ምድር ውኃ ጥናት ቢሮ ቴክኒሻን ናቸው። በየጠዋቱ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሜትር ይሰዳሉ፤ ሜትሩ ውኃ ሲነካ ጢጥ ይላል፤ ስንት ሜትር ላይ እንደነካ ደብተራቸው ላይ ይጽፉና ቢሮ ገብተው ኮምፒዩተሩ ላይ ያስገባሉ። ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገና ሳይነጋ ወጥተው፣ ታክሲ ተጋፍተው፣ ልክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ጉድጓዱ አፍ ላይ ናቸው። ዝናብ የለ፣ በዓል የለ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ቢሮአቸውን ሳሠለጥን፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ልጄ፣ ሰዓቱን በየትኛው ልጻፈው? በኛ ነው በፈረንጅ?» አሉኝ። ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ሆዴ ይጮሃል። «ኧረ እትዬ፣ እጅዎ ላይ ያለው ሰዓት የሚልዎትን ይጻፉ! አይጨነቁ!» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ ግን ያን ቀን ወለም ማለቴንም ሳላውቀው ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

የድሮው ስሪት ሰዓትን እንደ ተራ ጽሑፍ ነበር የሚያስቀምጠው፤ አንድ ካሉት አንድ ነው። ዘንድሮ የጫንነው ግን እንደ ፈረንጅ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጥራል። የድሮው መዝገብ በሙሉ ወደ እሱ ሲዛወር፣ የእትዬ የጠዋት አንድ ሰዓት ሌሊት ሰባት ሰዓት ሆነ። ከሥራ ሰዓት ውጪ ተለካ የተባለውን ሁሉ ደግሞ ቀይ ቀብቶ «አጠራጣሪ» ይልበታል።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ስልኬ ሲጮህ ነው። «ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ልክ አልነበረም። «በስተርጅና ቀጣፊ ተባልኩልሽ።»

አዲስ የተሾመው ኃላፊያቸው ሪፖርቱን ሲከፍት የሦስት ዓመት ልኬታቸው ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆኖ አገኘው። በውድቅት ሌሊት ማን ጉድጓድ ይለካል? ሴትዮዋ ቤታቸው ተቀምጠው ነው ቁጥር የሚፈጥሩት ብሎ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ መራቸው። ጡረታ ሊወጡ ዓመት ነው የቀራቸው። ጥፋተኛ ከተባሉ «ሐሰተኛ መረጃ አስገብታለች» ተብሎ ፋይላቸው ላይ ይሰፍርና ይባረራሉ።

አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ብነግረው ቀና እንኳን አላለም። «የተጠቃሚ ስህተት ነው በያቸውና ነይ። ጣጣ ውስጥ እንዳትከቺን።» እሺ አልኩት። ለምን እዋሻለሁ፣ ፈርቼ ነው እሺ ያልኩት። ሥራዬን እፈልገዋለሁ።

ወደ ቃሊቲ በሚሄደው ሚኒባስ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጬ፣ የጭነት መኪናው ሰልፍ አላስኬድ ሲለን፣ «የተጠቃሚ ስህተት» የምትለዋን ቃል በሆዴ ስለማመዳት ነበር። ደርሼ ኮሪደሩ ውስጥ ስገባ እትዬ በር ላይ ካለች ወንበር ብድግ አሉ። ደብተሮቻቸውን በሙሉ በፌስታል ይዘዋል። «መጣሽልኝ? አንቺን እግዜር ይስጥሽ!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። እኔን! ለዚህ ሁሉ የዳረግኳቸውን! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፣ ኃላፊው መሃል ተቀምጧል። ገና ስጠየቅ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ከአፌ ወጣ በቃ። ከዚያ ኃላፊውን፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእጅዎ ሰዓት ስንት ይላል?» አልኩት።

«አራት ተኩል።»

«ፊትዎ ያለው ኮምፒዩተርስ?»

አየው። «አስር ተኩል» አለ፤ ከዚያ የእጁን አየ፣ ከዚያ እትዬን አየ።

ተቀምጬ የእሳቸውን ሰዓት በሙሉ ስድስት ስድስት ሰዓት ጨመርኩበት። ቀዩ ገጽ በገጽ እየለቀቀ ነጭ ሆነ። ከደብተሮቹ እዚህም እዚያም እየገለጥን አመሳከርነው፤ ካየነው ውስጥ አንድም የሚጣላ አላገኘንም። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤው ዛሬውኑ ይነሳል» አላቸው። እኔ እፎይ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

እትዬ ግን መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ እንዳቀረቀሩ ነው። «ቆዪማ ልጄ። ይቺ የኔ አይደለችም።»

ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ ያለች አንዲት ማክሰኞ ናት። ስማቸው አለባት፣ ቁጥርም አለባት። ደብተሩን ብናይ ግን የማክሰኞዋ መስመር ባዶ ነው። ወዲያው ገባኝ፤ አዲሱ ስሪት ባዶ ቦታ አይወድም፤ የፊቱንና የኋላውን ቀን አይቶ በመሃል የሚመስለውን ቁጥር ራሱ ይሞላል። ስናሻሽለው በዚያ ነገር ስንኮራ ነበር፣ አይ እኛ!

«ተዉት እትዬ» አለ ኃላፊው። «አንድ ቀን ምን ታመጣለች? ነገሩ እኮ አልቋል።»

«አይ የኔ ልጅ። ሳልለካ ለካች ሊባልልኝ ነው እኮ። ከዚህ ሁሉ በኋላ?» አሉት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ያን ቀን እዚያ አልነበርኩም። ልጄን የቀበርኩበት ቀን ነው» አሉ።

ኃላፊው አዲስ ስለሆነ አላወቀም፤ ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ግን ቀብሩ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸውና አንገታቸውን ደፉ። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ሳወራቸው አንድ ቀን እንዴት ነዎት ብዬ መልሳቸውን ቆሜ ሰምቼ እንደማላውቅ ያኔ ነው የገባኝ። አፈርኩ።

ቁጥሩን አጠፋሁት። ሶፍትዌሩ ግን ምክንያት ካልተሰጠው አልመዘግብም አለ። ምርጫዎቹ ተዘረዘሩ፤ መሣሪያ ተበላሽቷል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ሠራተኛ አልተገኘም፣ ሌላ። ጠቋሚውን ይዤ ቀረሁ። «ሠራተኛ አልተገኘም» የሚለውን ልነካ ስል እጄን ያዙኝ። «እሱን አይደለም» አሉ።

«ሌላ» የሚለውን ስነካ የሚጻፍበት ቦታ ከፈተ። «ምን ልበል እትዬ?»

«እንደሆነው ጻፊው» አሉኝ። «ቴክኒሻኗ ያን ቀን ልጇን ስትቀብር ነበር በይ።»

ጻፍኩት። እንባዬ አላሳየኝ ብሎ ሁለቴ ተሳሳትኩ። ስመዘግበው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ፊደሉን አንድ በአንድ አነበቡት።

«አሁን ልክ ነው» አሉ፣ ደብተሮቻቸውንም ወደ ፌስታሉ መመለስ ጀመሩ።