መኪናዬን ያስወሰደብኝ ማመልከቻ

ዛሬ ጠዋት የቀበሌ ጠባቂዎች መኪናዬን እየገፉ ከግቢዬ አወጧት። ቁልፉን ሰጥቻቸዋለሁ፤ እንዴት እንደምትነሳ ግን አልነገርኳቸውም።

ከአሮጌ ቮልስ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚሁ መካኒሳ የሠራኋት ናት። ጣሪያዋን ቆርጬ ጥዬ፣ ከኋላ ሰፋፊ ጎማ አድርጌላት፣ ጭቃም አሸዋም አያቆማትም ነበር።

ጥፋቱ የእጄ ነው። የማታውን መሠረተ ትምህርት ገና መጨረሴ ነውና የሰሌዳ ማመልከቻዋን በጸሐፊ አላስጽፍም ብዬ ራሴ ሁለት ገጽ ሞላሁ። ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ሰው በአጭሩ አይጽፍም።

ጠባቂዎቹን ይዞ የመጣው የቀበሌው ሊቀመንበር ደጄ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ይህች መኪና መንገድ አያሻትም፤ በጫካም በበረሃም አቋርጣ የትም ትደርሳለች።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ጓድ፣ መንገድ እያለ በበረሃ ወዴት ልትሄድ ነው? ድንበር ልትሻገር?»

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ ለጉራ ነው የጻፍኩት።»

«ፊርማው ያንተ ነው?»

የኔ ነው። ያምራልም።

ወዴት ልሄድባት እንደነበር በጽሑፍ አስረድቼ ነገ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። ብዕር ይዤ ከተቀመጥኩ ቆየሁ፤ አንድ ፊደል አልወጣልኝም።

በገዛ ጽሑፉ ተይዞ የወጣ ካለ እንዴት እንደወጣ ይንገረኝ። ቤቴ መጥታችሁ በቃል ብትነግሩኝ ይሻላል።