ከፀጉር ቤቱ የወጣ ስም

ደንበኞቿ እታለም የሚሏት ፀጉር ሠሪ እጇ ፈጣን ነው፤ አፏ ግን ከእጇ ይፈጥናል። ፀጉር ቤቷ ሦስት ወንበርና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ሴቱ በሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ግን ለፀጉሩ ብቻ አይደለም፣ ለወሬዋም ነው። አምሮባት የተነሳችውን «ፏ ብለሻል!» ትላታለች። ጫማና ቦርሳ አዛምዳ የገባችውን «ሽክ ብላ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» ትላለች። ሌላ ቤት አበላሽተው የሠሯትን ደግሞ «ይሄን ፋራ ሥራ ማነው የሠራብሽ እህቴ? አጥር ነው ሹሩባ?» ብላ ቤቱን በሳቅ ታፈርሰዋለች።

አንድ ቀን ፀጉሯ ከፊት ሳስቶ ወደ ኋላ የሸሸባት ሴት መጣች። እታለም ማበጠሪያዋን እንደያዘች፣ «ውይ! ይሄማ ማረፊያ ነው። አውሮፕላን ቢመጣ ዘና ብሎ ያርፍበታል» አለች። ሴትየዋም አብራ ሳቀች፣ ምን ታድርግ። ቃሉ ግን እዚያው አልቀረም። ከሴቶቹ ጋር ወጣ፣ ቤታቸው ገባ፣ ከልጆቻቸው ጋር ትምህርት ቤት ሄደ።

እታለም አንዲት ልጅ አለቻት፤ ሚጣ ነው የምትላት። አዲስ የሹሩባ ዓይነት በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚሞከረው ሚጣ ራስ ላይ ነው። እሁድ እሁድ ጉልበቷ ሥር ታስቀምጣትና ቅንድቧ ወደ ላይ እስኪሳብ ድረስ ታጠብቅባታለች።

«እማዬ፣ አመመኝ።»

«ቻይው የኔ ቆንጆ። ላላ ካለ ወዲያው ይፈታል።»

ሰኞ ሚጣን መንገድ ላይ ያየች ሴት ሁሉ «እንደ ልጅሽ ሥሪኝ» ብላ ትመጣለች። ልጅቷ የእናቷ ማስታወቂያ ነበረች ማለት ይቻላል። ከጆሮዋ በላይ ፀጉሯ እየሳሳ መሄዱን እታለም አይታለች። ይመለሳል ብላ ጄል ቀባ እያደረገች የቀረችውን ጭራ ጭራ ፀጉር በሳሳው ላይ ታስተኛ ነበር። ዘንድሮ ግን የምታስተኛውም አለቀ።

ከዚያ ሚጣ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። አንዴ ሆዴን፣ አንዴ ራሴን እያለች ከአልጋ አልወርድ ስትል፣ እታለም ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። ልጅቷ ሻርፕ አስራ ነው የተኛችው።

«ማነው ያስቀየመሽ? ንገሪኝ።»

«ማረፊያ ይሉኛል» አለች ሚጣ። «ሳልፍ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው ቩ... ይላሉ። አንዷ ደግሞ ስሙን ያወጣችው እናትሽ ናት አለችኝ። ውሸታም ብያት ተጣላን።» ቀና ብላ አየቻት። «ውሸቷን ነው አይደል?»

እታለም እጇን ወደ ልጅቷ ራስ ዘረጋች። ልጅቷ ግድግዳው ጋ ተጠጋች።

«አትንኪኝ!»

በነጋታው ሚጣ ብቻዋን ተነስታ ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ወንዶች ፀጉር ቤት ገባች። ስትወጣ የቀረውን ሁሉ ሙልጭ አድርጋ ተላጭታለች። ቦርሳዋን አንግታ ወደ ትምህርት ቤት አመራች።

የእታለም ወንበር ላይ የተቀመጠችው ደንበኛ በመስታወቱ ከኋላዋ አየቻት። «አቤት አቤት! እዩልኝ ይቺን!» ብላ ሳቀች። «እታለም፣ ለዚህችስ ምን ስም ይወጣላታል?»

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ጠበቁ።

«ልጄ ናት» አለች እታለም።

የጀመረችውን ሹሩባ ለቃ በሩ ላይ ወጣች። «ሚጣ!»

ልጅቷ ሰምታለች፤ ትከሻዋ ስብስብ አለ። ግን አልዞረችም። ማዶ መታጠፊያው ላይ ተመሳሳይ ዩኒፎርም የለበሱ ልጃገረዶች ቆመዋል። አንዷ አየቻትና ሌሎቹን በክርኗ ጎሰም ጎሰም አደረገች። እታለም ሮጣ ልትቀድማት አሰበች። ደርሳስ ምን ትላቸዋለች? የሰጠቻቸውን ቃል መልሱልኝ ትላለች?

እሷ በሩ ላይ እንደቆመች፣ ሚጣ የቦርሳዋን ማንገቻ ጭምድድ አድርጋ ይዛ ወደ ልጆቹ ሄደች።