ሚዛን ላይ የወጣችው ቦክሰኛ

እትዬ ሸዋርካብሽ ጎጃም በረንዳ፣ መጋዘናቸው ደጃፍ ላይ የበርበሬ ጆንያ እያስመዘኑ ነበር። አንዲት ደንዳና ልጅ ሳትጠይቅ ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ጉብ አለች።

«ምን ጉድ ነው! ጆንያ ነሽ እንዴ?»

«ይቅርታ እትዬ፣ ቦክሰኛ ነኝ። እሑድ ከክለባችን የመጀመሪያዋ ሴት ሆኜ እጋጠማለሁ። ኪሎዬ ካለፈ ግን ያባርሩኛል።»

ተሸካሚዎቹ አውካኩ። አንደኛው ቡጢውን ጨብጦ ዙሪያዋን ቢዘልም እሷ ዓይኗን ከቁጥሩ አልነቀለችም። የኳስ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባዋለች፤ እጇ ላይ የጠቀለለችው ፋሻ በእጥበት ብዛት ነትቧል። ቁጥሩ ሲረጋ ጥርሷን ነከሰች፤ አልፏል።

«አሁንስ መረረኝ!» አለች። «ቅዳሜ ደግሞ ኳስ አለኝ። የኳሱ አሰልጣኝ ‹ካልበላሽ አላሰልፍሽም› ይላል፤ የቦክሱ ‹እህል እንዳትቀምሺ› ይላል። እናቴ ሁለቱንም ትራገማለች።»

«ታዲያ አንዱን አትተዪውም፣ ልጄ?»

«ሁሉም እንደዚያ ይለኛል። የትኛውን እንደምተው ግን አይስማሙም።»

እትዬ ሸዋርካብሽ ተበሳጭተው «በይ ውረጂ፣ ገበያዬን ዘጋሽብኝ!» አሏት። ልጅቷ ጫማዋን አጥልቃ ጥቂት ከሄደች በኋላ ተመልሳ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ የሚሸጡበት ሚዛን ነው፤ ትንሽ ጨምሮ ነው የሚያሳየው፣ አይደል?»