ወፍራሙ ክር

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጊታር መጠገኛ ቤቴ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ኮታቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ጫማቸው ግን እንደ መስታወት ያበራል። ከእኔ አሮጌ ቤዝ ጊታር ገዝተው፣ ከአራቱ ክሮች ሦስቱን አስፈቱኝ። ወፍራሙ ብቻ ቀረ።

«አባባ፣ በአንድ ክር ምን ሊጫወቱበት ነው?» ብዬ ሳቅሁ።

አልተቀየሙኝም። «ባለቤቴ መስማት ካቆመች ሦስት ዓመት ሆናት። ቀጭኑ አይደርሳትም፤ ወፍራሙን ግን እንጨቱ ላይ መዳፏን አሳርፋ ትሰማዋለች» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በወጣትነቷ ትወደው የነበረውን አንድ ዜማ አስተምራቸዋለሁ። ጣታቸው እስኪላጥ ይለማመዳሉ፤ መሀል ላይ ሲደርሱ ግን ሁልጊዜ ይስታሉ።

ዛሬ ፊታቸው ፈክቶ ገቡ። ገና ሳይቀመጡ፣

«ትናንት መዳፏን እንዳሳረፈች ቆጣ ብላ ‹እዚህ ጋ ተሳሳትክ› አለችኝ እኮ!» አሉኝ።