ዳክዬዎቼና የባርኔአዋ ሴትዮ

ነገሩ የሆነው ከአዲስ አበባ ወደ ዕብራውያን አገር በመጣን በዓመቱ፣ ፋሲካ ሊገባ ሲል ነው። በንግድ ብዙ ጊዜ ከስሬያለሁ፤ በገዛ አፌ የከሰርኩት ግን ያኔ ስለሆነ ከልቤ አይወጣም።

የኛ ሰው ለበዓል በቁሙ ያላየውን፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ዶሮ አያምንም። ይህን ስለማውቅ ያለችኝን ጥሪት ይዤ ከከተማው ውጭ ወዳለ የገበሬዎች መንደር ሄድኩ። ዶሮ አልቆ ስድስት ዳክዬ ይዤ ተመለስኩ። ለሰፈራችን እርድ የሚባርኩት ጎረቤቴ አባባ ታከለ ይበላል አይበላም ብለው ሁለት ቀን ሲጠያይቁ ከርመው ፈቀዱ።

ገበሬው እንዳይበሩ የአንዱን ክንፍ ረዣዥም ላባ ብቻ ቁረጥ ብሎኝ ነበር፤ ሚዛን ሲያጡ አይነሱም አለኝ። እኔ ስንፍና መሰለኝ። ባንድ ጎኑ የተሸለተ ዳክዬ ለገዢ እንዴት ይቀርባል? ነውር አለበት ይሉኛል። ስለዚህ ሁለቱንም ክንፍ እኩል አድርጌ ከረከምኩ። ሙሽራ መሰሉ።

አባባ አይተው፣ ላባ አሳጠርክ እንጂ ሚዛናቸውን አልነሳሃቸውም አሉ። ንግዱን ለኔ ይተዉት አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ከቅርባችን ካለው ባሕር ነፋስ ሲነሳ ስድስቱም ሚዛናቸውን ጠብቀው ከአጥሩ በላይ አለፉ። እኔና አባባ ዳቦ ይዘን ተከተልን። መንገድ ተሻግረው ባርኔአ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ አንዲት ሴትዮ ቪላ ውስጥ፣ መዋኛው ላይ ተንሳፍፈው አገኘናቸው። ሴትዮዋ አጠገብ ኮፍያ ያደረገ፣ ደብተር የያዘ ሰው ቆሟል። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ደብተር የያዘ ሰው በጎ ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም። ቅጣት ታየኝ።

«ያንተ ናቸው?» አለችኝ በዕብራይስጥ።

«አይደሉም። ዳክዬ እንኳ አይቼ አላውቅም።»

«ያሳዝናል። ልጆቼ ወደዷቸው፤ ባለቤታቸው ቢገኝ በጥሩ ዋጋ እገዛቸው ነበር።»

ሰውዬው የውሃ ቆጣሪ አንብቦ ወጣ። የኔ ናቸው ልል አፌን ስከፍት አባባ ክንዴን ያዙ።

«በል ና፣ ዳክዬ አይተህ የማታውቅ» አሉኝ፤ ዳቦውን እዚያው ወርውረው።

ዳክዬዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። ወፍረዋል። ሴትዮዋ ባገኘችኝ ቁጥር ባለቤታቸው አልመጣም ወይ ትለኛለች። አልመጣም እላታለሁ። ምን ላድርግ፣ ነጋዴ ነኝ፤ ቃሌን አላጥፍም።