ሲንቄ የተጋደመበት በር

ባለፈው እሑድ ባሌ ቀይ ጽጌረዳ ታቅፎ መጣ። ኢሱዙ ነጂ ነው፤ ከአበባ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። የተጋባንበት ቀን ትዝ ብሎት ነው፣ እየሳቀ ዘረጋልኝ። ተቀብዬ አፍንጫዬን አስጠጋሁና መልሼ አራቅሁት። አበባው እንኳ አይሸትም፤ የሚሸተው የተረጨበት የተባይ መድኃኒት ነው። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ያው ድኝ ድኝ የሚል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ! ወስጄ ውጭ ባልዲ ውስጥ ከተትኩት። ምስኪን ባሌ፣ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ቆሞ ቀረ።

አንቺም ሰሞኑን፣ «ምነው ለሠራተኛ ማኅበሩ ፈርሙ እያልሽ ሰው ታስጨንቂያለሽ?» ብለሽኛል። ከጎኔ ስፌት ማሽን ላይ ከተቀመጥሽ ገና ወርሽ ነው፣ አልፈርድብሽም። እንግዲያው ስሚኝ።

የዛሬን አያድርገውና አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከወሎ መጥቼ፣ አዳማ አክስቴ ጋ ትንሽ ከረምኩና፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ አበባ እርሻ ገባሁ። እዚያ ሰው የሚጠራው በመጣበት አገር ነበር። እኔ «የወሎዋ» ነበርኩ። አብራኝ የተከራየችው ልጅ «የሆሳዕናዋ» ነበረች፤ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ሻሽ ሳይቀር እንጋራለን። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ በጾም ጊዜ የማን ጾም እንደሆነ እየጠፋን ሁለታችንም እንራብ ነበር።

ሥራችን አበባ ቆረጣ ነበር። ግሪን ሃውሱ ውስጥ ብርሃኑ በላስቲክ ተጣርቶ ወተት መስሎ ይገባል፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ ያፍናል፤ የመቀሱ ድምፅ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። መድኃኒት ሲረጭ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል። ጨርቁ እስኪወርድ ሰው አይገባም፤ ሕጉ ይሄ ነበር። የፈረንጆች የፍቅረኞች ቀን ሲቃረብ ግን ማን ሕግ ያስታውሳል? ጽጌረዳው ሳይፈነዳ ተቆርጦ አውሮፕላን መድረስ አለበት። ጠብታው ከቅጠሉ ላይ ሳይደርቅ ጨርቁ ይወርድ ጀመር።

የሆሳዕናዋ ደግሞ አርግዛ ነበር። ሦስተኛ ወሯ፤ የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። ሆዷ የታወቀ ሴት በሳምንቱ «ሥራ ቀንሷል» ተብላ ትሸኛለቻ! ልጁን ፈልጋዋለች። ከሥራ ስንመለስ ፍራሹ ላይ ጋደም ብላ፣ ሆዷን እየዳበሰች በአገሯ ቋንቋ ታወራለት ነበር። «ምን አልሽው?» ስላት፣ «አንቺን እያማሁለት ነው» ትለኛለች።

ሰኞ ጧት በሩ ላይ ቆም አለችና፣ «ዛሬስ ልቅር፣ ሽታው ከበደኝ» አለችኝ። ሱፐርቫይዘሩ ወደ እኛ እያየ ነበር። እኔ፣ አፌን በቆረጠው፣ «ግቢ እንጂ! ይነቁብሻል!» ብዬ በክርኔ ገፋኋት። ገባች።

ቀትር ላይ ቧንቧው ጋ ስታስመልስ አገኘኋት። ቤት ስንደርስ ደም አየች። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ «እረፍት አድርጊ» አሏት። እረፍት ማለት መባረር ነው።

ጨነቀኝና ለአርሲዋ እናት ነገርኳት። በአጠገቡ ካለው ገጠር በየጧቱ በእግሯ የምትመጣ ሴት ነበረች፤ ሁላችንም «ሃርሜ» እንላታለን፣ እማዬ እንደማለት ነው። ብዙ አልጠየቀችኝም። «ነገ ከኋላዬ ቁሙ» አለችኝ፣ በቃ።

ረቡዕ ጧት በትር ይዛ መጣች። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ቅቤ የጠገበ በትር። የግቢው ዘበኛ፣ «ዱላ ይዞ መግባት ክል...» ብሎ ጀመረና አስተውሎ ሲያየው ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ በሩን ከፈተላት። እኔ ምኑንም አላውቅ። ሲንቄ መሆኑን የነገሩኝ በኋላ ነው፤ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት፣ ሴት ስትበደል ሴቶች ይዘውት የሚወጡት፣ ከተጋደመ ወንድ የማይሻገረው።

ሱፐርቫይዘሩ ቀዩን ጨርቅ አወረደና «ግቡ!» አለ። ከላስቲኩ ጣራ ገና ይንጠባጠባል። ሃርሜ በትሯን ደጃፉ ላይ አጋደመችው። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «ሂን ሴንኑ» አለች። አንገባም።

እኔና የሆሳዕናዋም ተቀመጥን። ሌሎቹም አንድ በአንድ።

ሱፐርቫይዘሩ የዚያው አገር ልጅ ነበር፤ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። በትሩን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ምክንያታችሁን ንገሩኝ እንጂ!» አለ። ምክንያቱ ከተነገረ እኮ የሆሳዕናዋ ማምሻውን የለችም።

«ሴት ተበድላለች» አለችው ሃርሜ።

«ማናት?»

«ሲንቄ ፊት ስም አይጠየቅም። እናትህ ይሄን አላስተማረችህም?»

ያኔ ፈረንጁ ሥራ አስኪያጅ በፒክአፕ ደረሰ፤ እየጮኸ ወርዶ፣ እግሩን አንስቶ ሊሻገር ሲል ሱፐርቫይዘሩ ክንዱን ጨምድዶ ያዘው። «ኖ ሚስተር! ኖ!» ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም፣ እንግሊዝኛው በዛብኝ። ብቻ ፈረንጁ ሰዓቱን አየ፣ እኛን አየ፤ ከሌሎቹ ግሪን ሃውሶች ሴቶች እየወጡ ከኋላችን ይቀመጡ ነበር። አንድ ቃል ጣል አደረገና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሱፐርቫይዘሩ ቀዩን ጨርቅ መልሶ ሰቀለው። ቋጠሮው እምቢ ብሎት ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አሰረው፤ ወላሂ አሳዘነኝ።

እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። የወላይታዋ፣ የሸዋዋ፣ የጅማዋ፣ ሁሉም የያዘችውን ቆሎ አወጣች። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። የሆሳዕናዋም ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ሳቀች። አመለጥን ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ልጁ ወረደ።

በሳምንቱ ሥራ ስትገባ አንድ ደብተር ይዛ ነበር። በየግሪን ሃውሱ እየዞረች፣ «ማኅበር ልናቋቁም ነው፣ ፈርሚ» ትላለች። እኔ ተናደድኩ። «አንቺ አትተኚም እንዴ?» አልኳት።

«ተኝቼ ማንን ላሳድግ?» አለችኝ።

ወራት ፈጀ። ፈርመው ፈርተው ስማቸውን የሰረዙ ነበሩ፤ እሷ ሳትቀየም ደግማ ትሄድባቸዋለች። ፍቅረኞቹ አበባቸውን ተቀብለው ሥራው ቀዝቀዝ ሲል ሃርሜን «ሥራ ቀንሷል» ብለው አሰናበቷት፤ ቆመን ከማልቀስ በቀር ምንም አላደረግንላትም፣ ይሄ እስከ ዛሬ ያበግነኛል። ማኅበሩ ግን ተቋቋመ። ጥያቄያችንን ስንጽፍ፣ ጽሕፈቴ ስለሚያምር የሆሳዕናዋ እኔን አስቀመጠችኝና የመጀመሪያውን ራሷ በቃሏ አጻፈችኝ፤ ያረገዘች ሴት አትባረርም፣ መድኃኒቱ ሳይደርቅም ማንም አይገባም። አንድም እንባ አልወጣትም። ወረቀቱን ያራስኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ገልብጬ ጻፍኩ።

እና እዚህ ፋብሪካ «ምን አገባሽ» ብትሉኝም፣ ብትሸሹኝም አላርፍም። አንቺን ነገም እጠይቅሻለሁ፣ ከነገ ወዲያም።

የሆሳዕናዋ ዛሬ አገሯ ናት፣ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። በኢድም በመስቀልም ትደውልልኛለች። ሁልጊዜ አፌ ላይ ይመጣል። «ያን ሰኞ እኮ...» ብዬ ስጀምር፣ «ተይው የወሎዋ፣ ባልሽ ደህና ነው?» ትለኛለች። ገፍተሽ ያስገባሽኝ አንቺ ነሽ ብትለኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ብትዘጋው ይቀለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላለችኝም።