ራዲያተሩን የፈታን ለት

ትናንት የተሳፈርሁበት ታክሲ ሞተሩ ግሎ መንገድ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ኮፈኑን ሲከፍት እንፋሎቱ ቡልቅ አለ፤ የፈላ ውሃና የዝገት ሽታ አፈነኝ። ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ሲወርድ እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ አባባ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ተቀጣሪ ነበሩ፤ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። ታላቅ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሷል። ወጣቱ ለጦርነቱ የሚታፈስበት ወቅት ስለነበር ከቤት አይወጣም። አባባ ቆላ ድባ፣ አክስታችን ዘንድ ሊደብቁት ቆረጡ። ግን የመኪናዋ ራዲያተር ያፈስሳል፤ ከከተማው ሳትወጣ ትፈላለች።

አንድ ቀን ማለዳ አባባና ወንድሜ ውሃውን አንጠፍጥፈው፣ ቱቦዎቹን ነቅለው፣ ብሎኖቹን ፈትተው ራዲያተሩን አወጡት። አፎቹን በጨርቅ ወትፈን ከጓሯችን ጀርባ በደንገሉ መሀል ወደ ሐይቁ ወሰድነው። እኔና ወንድሜ እስከ ጉልበታችን ገብተን ውሃው ውስጥ ደፈቅነው። አባባ ሳትወተፍ በቀረችው ቀጭን ቱቦ አየር ነፉበት። ከጥጉ ትንንሽ አረፋ ተከታትሎ ወጣ፤ ፀሐይዋ ላዩ ላይ ታብለጨልጫለች።

"አየሽው? እየተነፈሰ እኮ ነው!" ብሎ ወንድሜ ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ሰንብቶ ነበር።

አባባ እርሳስ አቅልጠው ቀዳዳውን ደፈኑት። እንደገና ነከርነው፤ አረፋ የለም። ሲገጥሙት ግን ደክሟቸው ነበር። ወንድሜ መፍቻውን ተቀበላቸውና፣ "እኔ ላጥብቀው አባባ፣ እርስዎ ይረፉ" አላቸው።

በማግስቱ ተነሣን። የቤተሰብ ጉዞ እንዲመስል እኔም ተጨመርሁ። እናቴ በር ላይ የወንድሜን አንገት አቅፋ አልለቅም ብላ በግድ ነው ያላቀቅናት።

ሐሙሲት ስንደርስ አባባ ዳር ያዙ።

"ውሃውን ልየው፤ ወረታ ሳንደርስ ብትፈላ ጉዳችን ነው" አሉ።

ጥቂት አብርደው ክዳኑን በጨርቅ ይዘው ከፈቱት። እስከ አፉ ሙሉ ነው። ቀና ብለው ፈገግ አሉልን። ያን ጊዜ ከሻይ ቤቶቹ ጀርባ ታጣቂዎች ብቅ አሉ። መንገዱን በወዲህም በወዲያም ዘግተው ወጣት የተባለውን መልቀም ጀመሩ።

"ልጄ በሽተኛ ነው፣ ሐኪም ቤት ልወስደው ነው" እያሉ አባባ ለመኗቸው። የሰማቸው የለም። ወንድሜ ጭነት መኪናው ላይ ሆኖ፣ "ይተዉዋቸው አባባ! እሷን ይዘው ወደ ቤት ይመለሱ" አለ። እሷ የተባልሁት እኔ ነኝ።

ተመለስን። መኪናዋ አንዴም አልፈላችም።

ወንድሜ እንደወጣ ቀረ። እናቴ እርሟን እንዳታወጣ መርዶ አልመጣላት፤ ተስፋ እንዳታደርግ፣ ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር ሁሉ ሲገባ እሱ የለበትም። በር በሩን እንዳየች አለፈች።

አባባ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ሳይሉ ኖሩ። አልጋ ከያዙ በኋላ ግን አንድ ቀን ጠሩኝ።

"ሐሙሲት ባልቆም ኖሮ፣ ውሃው ወረታ ያደርሰን ነበር?"

"አያደርሰንም ነበር አባባ። ፈልታ መንገድ ላይ ትቀር ነበር" አልኋቸው።

ሞልቶ እንደነበር ሁለታችንም በዓይናችን አይተናል። እጄን ያዝ አደረጉና፣ "እሱስ ልክ ነሽ" አሉኝ።